ግማሹን ለቀሚሱ፣ ግማሹን ለልብስ ሰፊው

ለሠርግም ይሁን ለምረቃ የቀሚስ ብር ስታዘጋጂ ሁሉንም ቀሚሱ ላይ አትጨርሺው። ቀንሺና ለልብስ ሰፊ አስቀምጪ። ከሰልባጅ ክምር መዝዘሽ ያወጣሽው ቀሚስ ወገቡ ገባ፣ ጫፉ አጠር ሲል፣ ከደሴ በውድ ተገዝቶ እንደመጣ ከተለበሰው ይበልጥ ያምርብሻል። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ስለሚረዝም ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ሰልባጁ የተሰፋው ባሕር ማዶ ላለች፣ ለማናውቃት ሴት ነው። እሷ ከእኛ ትረዝም ይሆናል፣ ወገቧም ከእኛ ዝቅ ብሎ ይጀምር ይሆናል። አዲሱም ቢሆን ሚዲየም፣ ላርጅ ተብሎ ለሺዎች በአንድ ልክ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ስትመርጪ መጀመሪያ ትከሻውን እዪ። የትከሻው ስፌት የትከሻሽ አጥንት ካለቀበት ላይ መዋል አለበት። ወገብ ይጠባል፣ ርዝመት ያጥራል፤ ትከሻ ግን እጅጌውን ፈትቶ እንደገና መግጠም ስለሚጠይቅ ብዙ ልብስ ሰፊ አይወደውም፣ ከሠራውም ዋጋው ሌላ ነው። ቀጥለሽ ቀሚሱን ገልብጪውና የጎኑን ስፌት እዪ። ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ካለ፣ ቢጠብሽም ማስለቀቅ ይቻላል። ብብቱንም ወደ ብርሃን አዙረሽ ተመልከቺ፤ የላብ ቢጫ በኦሞም በበረኪናም አይለቅም።

ስለ ሰውነት ቅርጽ ደግሞ ኢንተርኔቱ ሴቶችን በፍራፍሬ ይመድባል። አንዷ ፖም፣ ሌላዋ ፒር። ራሴን ፈልጌ በየትኛውም ቅርጫት ውስጥ አላገኘሁትም። የወለደች፣ ሁዳዴን የጾመች፣ ዳገት ለዳገት የምትመላለስ ሴት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቅርጽ ይዛ አትቆይም። እኔ የምመክረው መስታወት ፊት ቆመሽ ሦስት ቦታ እንድታዪ ነው፤ ትከሻሽን፣ ከወገብሽ በጣም የጠበበውን ቦታ፣ ከባትሽ በታች እግርሽ የሚቀጥንበትን። ጥሩ ቀሚስ እነዚህን ሦስቱን ያሳያል፣ ሌላውን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ዳሌሽ ሰፊ ከሆነ ከወገብ ጀምሮ የሚዘረጋ ክሎሽ ይስማማሻል፤ ዳሌ ላይ የሚጣበቀው፣ በተለይ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ይቅርብሽ። ከላይ ደመቅ፣ ከታች ጠቆር አድርጊ። ሆድሽ የሚያሳስብሽ ከሆነ ቀበቶውን ሆድሽ ላይ አታስሪው፤ ከጡትሽ ዝቅ ብሎ የጎድን አጥንትሽ ከሚያልቅበት ላይ እሰሪውና ጨርቁ ከዚያ ወደ ታች ይውረድ። ደረትሽ ሞላ ያለ ከሆነ ወደ ታች ሾል ያለ አንገት ከተዘጋ አንገት ይሻላል። ቀጭን ነሽ? እንግዲያው ሽንሽን ላንቺ የተፈጠረ ነው፤ ከላይም ከታችም ጨርቅ ሰብሰብ ይበልልሽ። አጠር ካልሽ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ልበሺ፣ ቀበቶውም ቀጭንና ከቀሚሱ ቀለም የማይርቅ ይሁን። ወፍራም ቀበቶ አጭርን ሴት ለሁለት ይከፍላታል። ጫፉ ደግሞ ለሁላችንም አንድ ነው፤ ባት ወፍሮ ካለበት ላይ አይቁም። ወይ ከዚያ በላይ ወይ ከዚያ በታች። በሁለት ጣት ልዩነት እግር ሲለወጥ ታዪዋለሽ።

ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ትምህርት የምንሰማው ቤታችን ያለውን ስለረሳን ይመስለኛል። የሀበሻ ቀሚስ ድሮም ሰፊ ጨርቅ ነበር። ቅርጽ የሚሰጠው መቀነቱ ነው። አያቶቻችን ሸማው ቢጠፋ በአቡጀዲም ይሰፉት ነበር፤ አቡጀዲ ደግሞ ያኔ ከውጭ ይመጣ የነበረ ርካሽ ጨርቅ ነው። መቀነቱን የጠበበው ወገባቸው ላይ ጥምጥም አድርገው ከላይ ትንሽ ጨርቅ ለቀቅ ሲያደርጉ፣ ሸክም ሲነሣ ወገብን ይይዛል፣ ጫፉ ላይ ገንዘብ ይቋጠርበታል፣ ቁመናንም ያወጣል። ያቺ ለቀቅ ያለች ጨርቅ ሆድን እንደምትሸፍን ማንም በቪዲዮ አላስተማራቸውም። ዛሬ በሚጣበቅ ቀሚስ ላይ ለጌጥ ብቻ የተንጠለጠለ መቀነት ሳይ ይከፋኛል፣ እውነቱን ለመናገር።

ጥልፉም እንዲሁ ነው። ከአንገት ተነሥቶ በደረት መሐል ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጥልፍ ዓይንን ከላይ ወደ ታች ይዞ ስለሚሄድ ሰውን ያረዝማል። ስለ ጥልፍ ሳስብ ከእኛ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው መቅደላ ትታወሰኛለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ አምባው ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከዘረፉት ውስጥ የሴት ልብስና ጌጥም ነበር። የባለቤታቸው የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው ተብሎ የሚታመን በባለ ቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እሳቸው ራሳቸው በዚያው ዓመት ግንቦት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሙዚየሙ የመቅደላን ዕቃዎች ለሕዝብ ሲያሳይ ፎቶዎቹን ያያችሁ ታስታውሱ ይሆናል። የእቴጌ ቀሚስ ሆኖ ጨርቁ ያው ጥጥ ነው፤ ክብሩ ያለው ከእጅ ሥራው ላይ ነው።

አሁን ወደ ሽፎኑ። ጥለት የታተመበት የሽፎን የሀበሻ ቀሚስ ኪስ ስለማይጎዳ ብዙዎቻችን እሱን እንለብሳለን፣ አልነቅፈውም። ግን መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ንፋሱን ታውቂዋለሽ። ሽፎን በንፋስ እግር ላይ ይለጠፋል፣ በፀሐይ ደግሞ ውስጥ ያሳያል። ያለ ገበር አትልበሺው። ገበሩ ከጥጥ ይሁን፤ ያሞቃል፣ ቀሚሱንም ረጋ አድርጎ ያወርደዋል። ብርዱን ብለሽ ከላይ እስከ ዳሌሽ የሚደርስ ወፍራም ሹራብ ከደረብሽበት ግን ቀሚሱ ሞተ። ወይ ቀጭን ሙቅ ልብስ ከውስጥ አድርጊ፣ ወይ ወገብሽ ላይ የሚያበቃ አጭር ጃኬት። ረጅሙ ካለሽ ፊቱን ክፍት ተዪው፤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሠራልሻል።

አባያ የምትለብሱ እህቶቼም አብሽሩ፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ሰፊ ልብስ ማለት ቅርጽ የሌለው ልብስ ማለት አይደለም። አባያ ትከሻው ልክ ከሆነና ጫፉ መሬት ካልጠረገ ያለ ምንም ማጥበቅ ግርማ ይሰጣል። ቀለሙን ሻርፑ ላይ ተጫወቱበት፤ ፊታችሁን የሚያበራው እሱ ነውና። ሻርፑ የተዥጎረጎረ ከሆነ አባያው ጥልፍ ባይኖረው ይሻላል።

ጌጥ ላይ አጭር ነኝ፤ አንድ ይበቃል። ትልቅ ጉትቻ ካደረግሽ ሀብሉን ተዪው። ጥልፍ ያለው አንገት ላይ ሀብል ጨርሶ አያስፈልግም። አርቴ እንዳይጠቁር ቆዳሽን የሚነካውን ጎን መልክ የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቢው፣ ሽቶም ከጌጡ በፊት ይረጭ። ከሁሉ በላይ ግን የእናትሽን ሳጥን ጠይቂ። 1780 የተጻፈበት የማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ መስቀል፣ ድሪ ወይም አምባር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ብሩ በአመድና በሎሚ ሲታሽ የሚሰጠውን ብርሃን የትኛውም ሱቅ አይሸጥልሽም። ደግሞ በነፃ ነው፣ እናትሽ ከፈቀደች።

ወደ ልብስ ሰፊው ስትሄጂ የምታደርጊውን ጫማ ይዘሽ ሂጂ፤ በሸበጥ የተለካ ርዝመት በታኮ ይሳሳታል። ተቀመጪ፣ እጅሽን አንሺ፣ እስክስታ ካለበት ትከሻሽን ሞክሪው፤ ልብስ ሰፊው ቢስቅ ይሳቅ። የጥር ሠርግ ካለብሽ ከገና በፊት አድርሺው፤ ከገና በኋላ የስፌት መኪናው ላይ የሰው ልብስ ተራራ ይሆናል። እግረ መንገድሽንም ኪስ አስገቢ። ኪሱን ግን ጎንሽ ላይ አታድርጊው፤ ስልክ ሲገባበት ዳሌ ይጨምራል። ወደ ፊት ሳብ፣ ወደ ታች ዝቅ ብሎ በስፌቱ ውስጥ ይደበቅ።