ስለ ትልቋ መኪናችን ጥቂት ቃል

ባለመኪና የሆነ ሰው ስለ መኪናው አስተያየቱን ሲጠየቅ እውነቱን መናገር ይቸግረዋል። ያመሰገነ እንደ ሆነ ጉረኛ ይባላል፤ የነቀፈ እንደ ሆነ ደግሞ «ታዲያ ለምን ገዛሃት?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ስለዚህ እኛም ለጠየቀን ሁሉ «ደኅና ናት» ብለን ስናልፍ ኖረናል። አሁን ግን ልንሸጣት ስለ ተነሣን፥ ገዢም መምጣት ስለ ጀመረ፥ ባለቤቷ በሆንባቸው ዓመታት ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ ወደድን።

መኪናዪቱ በአገራችን ሰው አፍ «ቪ ኤይት» የምትባለዋ ላንድ ክሩዘር ናት። ቪ ኤይት መባል የሚገባው ሞተሩ እንጂ መኪናዋ አይደለችም፤ ስምንት ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው፥ እንደ ላቲኑ ፊደል ግራና ቀኝ ተከፍለው የቆሙበት ሞተር ማለት ነው። የቶዮታ ፋብሪካ የዚችን መኪና ቅድመ አያት በ1951 እ.ኤ.አ. ሠርቶ፥ በ1954 ላንድ ክሩዘር የሚለውን ስም ሲሰጣት፥ ለዳገትና ለጭቃ የተሰናዳች ሸካራ ጂፕ ነበረች። የቆዳው ወንበርና ምቾቱ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። የእኛዪቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው ትውልድ ስትሆን ሞተሯ ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ነው። ይህ ትውልድ በ2021 እ.ኤ.አ. በተተካ ጊዜ ስምንቱ ሲሊንደር ወደ ስድስት ወረደ፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወረደም።

የገዛናት በ2009 ዓ.ም. ነው። በሕንፃ ዕቃ ንግድ ለብዙ ዘመን ያጠራቀምነው ገንዘብ አብዛኛው በእርሷ ላይ ዋለ፤ ዋጋዋን ግን መጻፍ አንወድም። ለሰው የሰጠነው ምክንያት እናታችን ነበሩ። እናታችን መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ይኖሩ ነበርና፥ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲመላለሱ በአውቶቡስ መንገላታታቸው ያሳዝነን ነበር። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በልባችን ውስጥ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» የሚል ድምፅ እንደ ነበረ ዛሬ አንክደውም።

የመጀመሪያው ጉዞ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ቡና ሳይፈስ የሚጠጣበት መንገድ አድርጋ አስጨረሰችን። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ሲታጠፍ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳልና፥ ተራ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። የእኛዪቱ ግን አየሩን አምቀው ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገቡ ሁለት ተርቦዎች ስላሏት ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ጠጠሩ ጎማዋን ቢያንገጫግጨውም ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው እምብዛም አይሰማውም።

ከእናታችን ደጅ ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እናታችን በነጠላቸው ተሸፋፍነው መጡና መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩአት። በሩን ከፈትንላቸው። የጎን መርገጫ ቢኖራትም ለታመመ ጉልበት እርሱም ራሱ ዳገት ነው። አንድ ጊዜ ሞከሩ፥ ሁለተኛ ሞከሩ፥ ከዚያም ቆም ብለው «ልጄ፥ በቅሎ እንኳ እርካብ አላት፤ የዚችሳ እርካቧ ወዴት ነው?» አሉን። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ነገር ግን ፊታችን ቀላ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ከጓዳ የቡና በርጩማ አመጣችና በእርሷ ላይ ቆመው፥ እኛም ብብታቸውን ደግፈን አስገባናቸው። ያቺ በርጩማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመኪናዋ ኋላ ተለይታ አታውቅም። እናታችን በ2011 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሲወጡም ሲወርዱም በእርሷ ነበር።

ትልቅ መኪና መያዝ ሰውን እንደሚለውጥ ነጋሪ አላሻንም። ይህን መኪና የመንግሥት ሹማምንት በብዛት ይይዙት ስለ ነበር፥ ዘበኛ ሁሉ ሰሌዳውን ሳይሆን ኮፈኑን አይቶ በር ይከፍታል። ሰሌዳችን ሰማያዊ፥ የግል መሆኑን የሚናገር ሆኖ ሳለ፥ ማንም አላነበበውም። አንድ ቀን ለለቅሶ ሄደን ከድንኳኑ አጠገብ ስናቆም፥ ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡ አባቶች ከወንበራቸው ተነሡ። «በእግዚአብሔር! አይነሡ» ማለት ይገባን ነበር፤ እርሱን ከማለታችን በፊት ግን ጥቂት ደስ እንዳለን ስንመሰክር እናፍራለን። በገበያ በኩል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሽንኩርት ሻጯ መኪናዋን ያየች እንደ ሆነ የሽንኩርቱ ዋጋ በዓይናችን ፊት ያድጋል። ባለቤታችን ይህን ተረድተው መኪናዋን ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቀን እንድናቆም ሥርዓት አወጡልን።

ስለ ወጪው ብዙ አንልም። ሁለቱ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች 138 ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ ከተማ ውስጥ እኛ በያዝነው ሒሳብ በ100 ኪሎ ሜትር ከ14 እስከ 16 ሊትር ትጠጣለች። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጁ ድጎማ ለግል ባለመኪና ቀስ በቀስ ሲነሣ፥ ማደያ ገብቶ «ሙላው» ማለት የድሮ ወግ ሆኖ ቀረብን። ቡና ነጋዴ የሆኑ ወዳጃችን ግን በዚህ አይስማሙም። «በጅማ ገጠር ጭቃ ውስጥ አንድ ሌሊት ቆሞ ያላደረ ሰው ስለ ነዳጅ አያውራ» ይላሉ፤ እርሳቸው ለሥራ የያዙት ነውና እንፈርድላቸዋለን። ሌላው ጎረቤታችን ደግሞ የእርሳቸውን ሸጠው የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ድምፅ የላትም፥ ጭስ የላትም፥ ቤታቸው ውስጥ ሌሊት ትሞላለች። መንዝ ድረስ ይሂዱባት ቢባሉ ግን ዝም ይላሉ።

ሰው ሁሉ ስለማይጠይቀው፥ ለእኛ ግን ከሁሉ ስለሚበልጠው ነገር አሁን እንናገር።

ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሩቅ ያያል፤ ስለዚህ ሁሉን የሚያይ ይመስለዋል። በ2014 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ጧት ግቢያችን ውስጥ ሞተር አስነሥተን፥ ስፖኪዮውን ግራና ቀኝ አይተን፥ ማርሽ አስገባን። መኪናዋ ገና ስትንቀሳቀስ ዘበኛችን ከበሩ ዘንድ ጮኸ። ይህ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ በአንቱታ እንጂ ጠርቶን አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን «ቁም! አንተ ቁም!» አለን። ፍሬኑን ረገጥነው። ወርደን ስናይ የሦስት ዓመት የልጅ ልጃችን ከኮፈኑ ሥር ተቀምጣ በጠመኔ መሬት ላይ ትሥላለች። በእርሷና በመኪናዋ መካከል አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም። ቀና ብላ አየችንና «አያ፥ ቤት ሠራሁ» አለች።

ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ ከመግባታችን በፊት አንድ ጊዜ ዙሪያውን መዞር ይገባን ነበር። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለንና ወደ ግቢው ወጣን። የእናታችንን በርጩማ ከመኪናዋ ፊት አስቀምጠን በመሪው ዘንድ ተቀመጥን። አልታየችም። ወርደን አንድ እርምጃ አራቅናት፤ አልታየችም። ሁለት እርምጃ አራቅናት፤ አሁንም የለችም። ልክ ተቀምጣ እንደምትሥል ልጅ ያህል ከፍ እንድትል ባልዲ ደፋንባት፤ እንዲያም ሆኖ ጫፏ ብቅ ያለው ከሦስት እርምጃ በኋላ ነው። ይህ የእኛ መኪና ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ኮፈኑ ከፍ ያለ መኪና ሁሉ፥ ማን ቢሠራው፥ ከፊቱ እንዲህ ያለ የማይታይ ሜዳ አለው። ዛሬ ዛሬ ፊት ለፊት የሚያሳይ ካሜራ የተገጠመላቸው አሉ፤ የእኛዪቱ ግን አልነበራትም።

ዘበኛችን በማግሥቱ መጥቶ «ጋሼ፥ ትናንት በድፍረት ስለ ተናገርኩዎ ይቅርታ» አለን። ምን ብለን እንደ መለስንለት አናስታውስም፤ ማልቀሳችንን ግን ባለቤታችን አይተዋል።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን በዙሪያዋ ሳንዞር ነድተናት አናውቅም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ «አትሸጧትም ወይ?» የሚለን ሰው በዛ። እናታችን አርፈዋል፤ የመንዝም መንገድ እንደ ቀድሞው የምንመላለስበት አልሆነም። ስለዚህ እንሽጣት አልን።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ገዢ መጡ። ሞተሩን አዳመጡ፥ ከሥር ተኝተው አዩ፥ ጎማውን ረገጡ። የምናውቀውን ሁሉ ነገርናቸው። ዳገት እንደማይከብዳት፥ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ያለውን ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ክብደቷ ሁለት ቶን ተኩል ያልፋልና ፍሬን ብቻ ሳይተማመኑ ማርሽ መቀነስ እንዳለባቸው፥ የነዳጁንም ሒሳብ ሳንደብቅ ነገርናቸው። ከዚያ በርጩማዋን ከኋላ አውጥተን ከፊት አኖርንና «እስቲ ይግቡና ምን እንደሚታይዎ ይንገሩን» አልናቸው። ገቡ፤ መሪውን ያዙ፤ ፈገግ ብለው «እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ወለል ብሎ ይታየኛል» አሉ።

«እንግዲያው ይውረዱና ይዩ» አልናቸው።

ወርደው በርጩማዋን አዩአት፤ ስንት ልጆች እንዳሏቸው ጠየቅናቸው። «አራት» አሉ፤ ታናሹ ገና መራመድ እንደ ጀመረ ነገሩን። ሦስት ቀን እንዲያስቡበት ጠይቀውን ሄዱ።