የሮብ ገበያ ገበሬ ለምን ይዘገያል?

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ የዓባይን በረሃ ወርደህ ከወጣህ በኋላ፣ ደጀን ላይ የደብረ ማርቆስን ጎዳና ትተህ ወደ ቀኝ ብትታጠፍ፣ መንገዱ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ያደርስሃል። በግራህ የጮቄ ተራራ፣ በቀኝህ የዓባይ ሸለቆ ነው። በመካከላቸው የተዘረጋው ምድር የታወቀ የጤፍ አገር ነው። ሮብ ገበያ የምትገኘው በዚህ በብቸናና በሞጣ አገር ነው፤ የገበያዋንም ቀን ከስሟ ታውቀዋለህ።

ገበያው ሲቆም ብትደርስ፣ አህያውን ጤፍ ጭኖ የሚመጣውን ባላገር ልብ ብለህ ተመልከት። ከዱላው ጋር የእጅ ስልክ ይዟል። ጆንያውን ከመፍታቱ በፊት አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ደውሎ፣ «እህል በረንዳ ኩንታሉ ስንት ዋለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ማንም በስብሰባ አላስተማረውም። ይሁን እንጂ መቼ እንዲዘራና ምን ያህል ማዳበሪያ እንዲጨምር የሚነግሩት፣ በስልክ ላይ የሚጫኑ የእርሻ ፕሮግራሞች ሲመጡለት እጁን ቶሎ አይዘረጋም። እኛ ፊደል የቆጠርነው ይህን አይተን «ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም» ለማለት እንቸኩላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ማስረጃው ከራሱ ከጤፍ ይገኛል። በ1998 ዓ.ም. የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል «ቁንጮ» የተባለውን የጤፍ ዝርያ አወጣ። ይህ ዝርያ ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ ከአንደኛው የእህሉን ንጣት፣ ከሌላው የምርቱን ብዛት ወርሷል። ነጭ ጤፍ በገበያ ጥሩ ዋጋ ያወጣልና በየአገሩ ብዙ ገበሬ ቁንጮን ተቀበለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጤፍ በመስመር እንዲዘራ ተመከረ። በእጅ ሲበተን ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር የሚፈጀው፣ በመስመር ቢዘራ 5 ኪሎ ያህል ይበቃዋል ተባለ። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ነገር ግን የጤፍ ፍሬ እጅግ የደቀቀ ነው፤ የዘር ወቅትም አይጠብቅም፤ ጎንበስ ብሎ መስመር ለመስመር የሚዘራ ያን ሁሉ ሰው ገበሬው ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብዙው ዘሩን ወሰደ፣ መስመሩን ተወ። ሰውየው ያው፣ እርሻውም ያው ነው። እንግዲህ የሚዘገየው አዲስ ነገር ጠልቶ ሳይሆን አመዛዝኖ ስለሚመርጥ ነው።

በስልክ ምክርም የታየው ይኸው ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የነፃ የስልክ መስመር ሲከፍት፣ ጥሪው ብዙ ሳይቆይ በሚሊዮን ተቆጠረ። መስመሩ ማንበብ አይጠይቅም፤ በተራ ስልክ ይሠራል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይናገራል፤ ገንዘብም አያስከፍልም። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ውድ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ መብራትና ንባብ ይሻሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ አጥተው የተቸገሩ የክልሉ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ ባሕር ዳር ሄደዋል። ማዳበሪያው በሌለበት፣ መጠኑን በትክክል የሚነግር ፕሮግራም ምን ይረባል?

ከሁሉ የጠለቀው ምክንያት ግን ገና ይቀራል። ብዙው ፕሮግራም ከመምከሩ በፊት ይጠይቃል፦ ስምህ ማን ነው? መሬትህ ስንት ነው? ምን ያህል አመረትህ? ይህ ጥያቄ በሞጣና በብቸና የቆየ ጠባሳ ይነካል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ የዚህ አገር ሕዝብ መገመትና መለካቱ ርስቱን ለማስነጠቅ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ ዐመፀ፤ ጦርና አውሮፕላንም ዘመተበት። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ካንዱ ተወስዶ ለሌላው ተሰጠ። ሆኖም ገበሬው ምዝገባን ሁሉ አይሸሽም። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀመር፣ መሬቱን አስመዝግቦ ደብተሩን ከሣጥኑ ውስጥ አኖረ። በዚህ ጊዜ ጽሕፈቱ በእጁ ቀረለት፤ ለክርክርም ማስረጃ ሆነው።

ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትመደበው አንባቢዬ! «ጋሼ፣ ይህን ፕሮግራም ለምን አይጠቀሙበትም?» ብለህ ከመጠየቅህ በፊት፣ አንተው ሦስት ጥያቄ መልስ። ምክሩ ቢሳሳት ኪሳራው የማን ነው? የሚመከረው ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው ይደርሳልን? ገበሬው የነገረህ ቁጥር ወዴት ይሄዳል፣ ለእርሱስ ምን ይዞለት ይመለሳል? የአንድ ክረምት ስሕተት በአንተ ሪፖርት አንዲት መስመር ናት፤ በእርሱ ቤት ግን የዓመት እንጀራ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዘህ ከሄድህ፣ ሮብ ገበያ ላይ ስብከት አያስፈልግህም፤ አንዱ ጎረቤት ሲጠቀም ያየው ሌላው ራሱ መጥቶ ይጠይቅሃል።