የእናት ጆንያ ስንት ሊትር ነዳጅ ይበላል?

ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ልጅ ባዶ እጁን አይሸኝም። ገብሱ አለ፣ በሶው አለ፣ ቆሎው አለ። የልጅ ልጆቿን ብርድ የምትፈራ አያት ደግሞ በበግ ፀጉር የተሠራ ባና ጠቅልላ ታቀርባለች። ይሄኔ ከመኪናው ባለቤት አንድ ቃል ይሰማል፦ «እማዬ፣ ይኼ ሁሉ ጭነት እኮ ነዳጅ ይበላል!» ጆንያው ወደ ጓዳ ይመለሳል። የእናትም ፊት ቅር ይለዋል።

ነዳጅ በተወደደበት በዚህ ጊዜ አባባሉ ልክ ይመስላል። ግን ጆንያው በእርግጥ ስንት ይበላል? መንገዱን ተከትለን እናስላው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በሰንዳፋ በኩል ወጥተው 130 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ጣርማበር ላይ ደግሞ 3,000 ሜትር ይታለፋል። የደሴ ተጓዥ እዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው ዋሻ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። የመንዝ ተጓዥ ግን ከእሱ ተለይቶ በመዘዞ በኩል ደጋ ለደጋ ይቀጥላል። የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ልጆች ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሲግጥ ያያሉ፤ ዕድለኛ የሆኑት ቀይ ቀበሮም ይገጥማቸዋል። የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል። መሐል ሜዳ ሲደርሱ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል።

በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል። ቆላ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ መኪና ጣርማበር ላይ ሁለተኛ ሊጠይቅ የሚችለው ለዚህ ነው። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ በላይ ይሆንበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። አሽከርካሪው ይህንን ሁሉ ያይና «ጭነቱ ነው» ይላል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የሚጠጣ የቤት መኪና እንውሰድ። አዲስ አበባ መሐል ሜዳ ለአንድ ጉዞ 25 ሊትር ይፈጃል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህንን ይዘን አንድ ኩንታል ጭነት 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያስፈልግ ብናሰላ፣ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይዘልም። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ፣ ዳገቱም የጎማው ሰበቃም ተደምሮ፣ በጠቅላላው 280 ኪሎ ሜትር ላይ የሚጨምረው ከሩብ ሊትር እስከ አንድ ሦስተኛ ሊትር ነው። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ለአሽከርካሪዎች የሚሰጠው ግምትም ከዚህ አይርቅም፤ 45 ኪሎ ጭነት ፍጆታውን 1 በመቶ ያህል ይጨምራል ይላል።

ከ25 ሊትር ላይ ሩብ ሊትር! እናት የሰጠችው ገብስ የሚያወጣውን ዋጋ አስቡት።

ታዲያ ነዳጁን የሚበላው ማን ነው? አንዱ ነፋስ ነው። ያው ጆንያ ከመኪናው ውስጥ ወጥቶ ፖርቶመጋላ ላይ ሲታሰር ነገሩ ይለወጣል። መኪናው አየሩን እየሰነጠቀ እንዲያልፍ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ላይ የተከመረ ዕቃ ግን እንደ ግድግዳ ነፋሱን ይጋፈጣል። ያው መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ጣሪያ ላይ የሚጫን ትልቅ ሣጥን በአገር አቋራጭ መንገድ ከ6 እስከ 17 በመቶ፣ በሰዓት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት ፈጣን መንገድ ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ ፍጆታን ያባብሳል። ከኋላ የሚታሰር ሣጥን ግን በአገር አቋራጭ መንገድ ከ5 በመቶ አያልፍም። እንግዲህ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን እየበረረ የሚሄድ ሰው ጣሪያው ላይ የጫነው ፍራሽና ባዶ ጀሪካን፣ ቀላል ቢሆንም፣ ውስጥ ከተቀመጠው ከባድ ጆንያ የበለጠ ያስከፍለዋል።

በአሜሪካ ጡረታ የወጡ ሰዎች አልጋና ማድቤት ያለው የቤት ያህል መኪና እየነዱ፣ ከኋላው ትንሽ መኪና አስረው አገር ይዞራሉ። ትንሿ መኪና ቶን የምታህል ብትሆንም የምታስከትለው ተጨማሪ ፍጆታ ብዙዎች ከሚፈሩት ያነሰ ነው፤ ትልቁ መኪና በሰነጠቀው አየር ጥላ ሥር ትከተላለችና። ልዩነቱ የሚታየው ተራራ ሲመጣ ነው። በእኛም አገር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ባለተሳቢ መኪናዎች ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ተሳቢው ዳገት ላይ እንደ ኤሊ ቢያስኬድም፣ በአንድ ሞተርና በአንድ ሾፌር ሁለት ጭነት ስለሚደርስ ለአንድ ኩንታል የሚወጣው ነዳጅ ያንሳል።

ለቤተሰብም ሒሳቡ ያው ነው። ለበዓል ወንድምና እኅት በሁለት መኪና፣ ግማሽ ባዶ ይዘው ቢሄዱ 50 ሊትር ያወጣሉ። በሕጋዊው የሰው ልክ በአንድ መኪና ቢሄዱ፣ ጭነቱ ተጨምሮበት እንኳ ከ27 ሊትር ብዙም አይዘልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው፤ ወጪው ለሁለት ሲካፈል ጉዞው ይቀላል።

ከፍታን ብቻ አይቶ ማስላት ግን ያሳስታል። መርሐቤቴን እንይ። ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ እምብዛም የማይለይ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱም ከመሐል ሜዳው ያጥራል። ሆኖም ከሙከ ጡሪ ተገንጥሎ በለሚ የሚያልፈው ተጓዥ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ከዚያም ወደ ሌላኛው አፋፍ መልሶ መውጣት አለበት። ሲመለስም እንደዚያው። የወረደውን ከፍታ ማንም አይመልስለትም፤ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል። ከመሐል ሜዳ አልፎ ወደ ግሼ ለሚሄድ ደግሞ የጠጠር መንገድ ይጠብቀዋል። ጠጠርና ጭቃ የጎማን ሰበቃ ከአስፋልት እጥፍ ሊያደርሱት ይችላሉ።

ወላጆችና አያቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ትልቁ ነገር ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ብዙ ሾፌር ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ ይወርዳል። ይህ በዘመናዊ መኪና ቁጠባ አይደለም። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ሞተሩ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ መጠጣት ይጀምራል። ያተረፈው ነገር የለም፤ ይልቁንም የቤተሰቡን ሕይወት በፍሬን ብቻ ላይ ጥሏል። ክብደት ዳገት ላይ የጠየቀው ጥቂት ነዳጅ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ የሚጠይቀው ፍሬን ነው። በጀማ ቁልቁለት ሙሉ ጭነት ይዞ ፍሬን ሲረግጥ የወረደ መኪና ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም አልይዝ ይላል። በወጡበት ማርሽ መውረድ የድሮ ሾፌሮች ምክር ነው፤ ዛሬም የሚበልጠው አልተገኘም።

መኪና ተበላሽቶ በገመድ የሚጎተት ከሆነም እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል። ልጆችንና አዛውንቶችን ከሚጎተተው መኪና አውርዶ ሌላ ላይ ማሳፈር፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በገመድ ከመጎተት ይልቅ የሚጭን መኪና መጠበቅ ይሻላል።

ከመነሳት በፊት የሚከተለውን ማድረግ ይጠቅማል። የመንገዱን ደኅንነት ዘመድ ዘንድ ደውሎ መጠየቅ። የጎማውን ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል፣ በጭነቱ ልክ ማስተካከል፤ የላላ ጎማ ነዳጅ ይበላል፣ ሲግልም ይፈነዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ታንኩን መሙላት፤ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ከአንድ ጆንያ አይከብድም፣ በጀሪካን አድርጎ ልጆች ባሉበት መኪና ውስጥ ከመያዝ ግን እጅግ ይሻላል። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ ማስቀመጥና ማሰር። ጣሪያው ላይ የግድ የሚወጣ ካለ ዝቅ አድርጎ መጠቅለል፤ ሲመለሱ ባዶውን ፖርቶመጋላ መፍታት። ፍጥነትን ከ80 አለማሳለፍ፤ ነፋሱ የሚጠይቀው ጉልበት ፍጥነት በጨመረ ቁጥር በእጥፍ ድርብ ያድጋልና።

የመኪናው መጽሐፍ የሚፈቅደው የክብደት ልክ አለ፤ እሱን ማለፍ ግን አይገባም። ቦታ ከጠበበ የሚቀነሰው መጀመሪያ ከልክ በላይ የተጫነው ሰው፣ ቀጥሎ ጣሪያ ላይ የተቆለለው ክምር ነው። ገብሱ ግን ሩብ ሊትር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ተቀበሉት።