ስለ እንደራሴነት፤ ከቡሹሎ

ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ እዚሁ ቡሹሎ፣ ከጤና ጣቢያው ፈንጠር ብላ ባለችው የጀበና ቡና ዳስ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ባጃጆቻቸውን አቁመው ጥላ የያዙ ጎረምሶች ስለ ምክር ቤት አባላት ሲሟገቱ፣ ከመካከላቸው አንደበተ ርቱዕ የሆነው «ደግሞ ምን ሥራ አለባቸውና! እጅ ማውጣት አይደለም እንዴ?» ቢል፣ ቡና የምትቀዳው ልጅ ሳትቀር ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልዋጥ ብሎኝ፣ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም ከልቡናዬ አልወጣ ቢሉኝ፣ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

የደምቢ ዶሎው ተወላጅ፣ የዓይነ ስውሩ ሰባኬ ወንጌል የቄስ ጊዳዳ ሶላን ልጅ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ጉባኤውን በመንበሩ ተቀምጠው የመሩ፣ ከዚያም እስከ መስከረም 1994 ዓ.ም. ርእሰ ብሔር ሆነው በቤተ መንግሥት የቆዩት እኒህ ሰው፣ ከሥልጣን ከወረዱ ወዲህ በጡረታቸው ተከብረው ቤታቸው ቢቀመጡ ማንም ባልነቀፋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን በግንቦት 1997ቱ ምርጫ፣ ፓርቲ ሳይኖራቸው፣ በግላቸው፣ ለትውልድ ቀያቸው ለደምቢ ዶሎ ተወዳደሩና 547 መቀመጫ ባለው ሸንጎ እንደ ማናቸውም ተራ እንደራሴ ገብተው ተቀመጡ። የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጥቅም የሚጠበቅለት ከፖለቲካ ወገንተኝነት ሲርቅ ነው የሚል ሕግ ነበርና፣ በዚሁ ምክንያት ያ ጥቅም ቀረባቸው። ከመዓርግ ወርዶ ሕዝብን ማገልገል በአንደበት ሲነገር እንዴት ያለ ቅዱስ ነገር ነው! ኪስ ሲነካ ነው ሰው የሚለየው።

ልብ በሉ፤ ራሳቸው በመሩት ጉባኤ የጸደቀው ሕግ፣ በአንቀጽ 54፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ይሁን ይላል። ከ10 ዓመት በኋላ ያንን አንቀጽ ይዘው፣ የፓርቲ ተግሣጽ የማያነሣው የማያወርደው እጅ ይዘው ገቡ።

ስለ ኅሊና ከተነሣ ዘንድ፣ ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለና ልናገረውና ይውጣልኝ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንዲት ወረቀት ማኅተም እንዲያርፍባት ብሄድ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ፤ ተመልሼ ብሄድ «መስክ ወጥተዋል»፤ ደግሜ ብሄድ ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርኩ ከሞት በተነሣበት ዕለት ደግሞ ማኅተሙ በመሳቢያ፣ መሳቢያው በቁልፍ፣ ቁልፉ በኃላፊው ኪስ፣ ኃላፊው በስብሰባ! ይህን ምሥጢረ ሥላሴ የሚያህል ረቂቅ ነገር እያሰላሰልሁ ወንበር ላይ ሳለሁ፣ ከኔ በኋላ የመጣ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ እዚህ አስቸገሩኝ እኮ» አለ፤ ጋሼ የተባሉት ሰው የምክር ቤት አባል ኖረዋል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያ መሳቢያ ያለ ቁልፉ ተከፈተ። የተከፈተው ለርሱ ነው እንጂ ለኔ አይደለም፤ እኔማ ጋሼ የለኝ! ሌሊቱን ሙሉ የዘመዶቼን ስም በጣቴ ስቆጥር አደርሁ፤ ከመካከላቸው አንድ እንኳ ተመራጭ ታጣ።

ታዲያ ነገሩን አርቄ ባየው፣ በደሉ የጋሼ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃችንን ሰጥተን ክልል ከሆንን ወዲህ የሲዳማ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ከዚያ በፊት የደቡቡም እዚሁ ነበርና እኛ ቡሹሎዎች ሸንጎ ራቀብን ብለን አልቅሰን አናውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል፤ ሕግ የሚያወጣ፣ በጀት የሚያጸድቅ አካል ማለት ነው። እኛ ግን ይህን የሚያህል ሥልጣን የሰጠነውን ሰው መንገድ ላይ ስናገኘው የምንለምነው ለልጃችን ሥራ፣ ለጉዳያችን ስልክ ነው። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የተቀመጡ አባቶቻችን እኮ ነገር ሲመጣ ሁሉም በተራው ይናገራል፣ ይደመጣል፣ ሐላሌው፣ እውነቱ፣ እስኪወጣ ይመከራል እንጂ፣ ለኔ ይህን አድርግልኝ ተብሎ ካፖርት አይጎተትም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንደራሴ የሚሆነው ሰው በሚመረጥበት ስፍራ ነዋሪና ባለንብረት እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ የዛሬው ንብረቱን ትቶ ኅሊናውን ይጠይቃል፤ ኅሊና ደግሞ፣ ምርጫ ቦርድ ይቅር ይበለኝና፣ ካርታም ክሊራንስም የማይቀርብበት ንብረት ነው።

ነጋሶ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በጀርመን አገር አረፉ። ነፍስ ይማር። እንደርሳቸው ያለ ሰው ከየመንደሩ እንዲወጣ ከተመኘን ግን፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ፍለጋ የምንመርጥ ሰዎች ጉዳይ አስፈጻሚ ቢደርሰን በማን እናዝናለን?

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የወከላችሁን ሰው ስታገኙት ውለታ አትለምኑት። «ባለፈው ጉባኤ ምን ደገፍህ? ምን ተቃወምህ? ስለ ምን?» ብላችሁ፣ በአክብሮት፣ ጠይቁት። መልስ ካጣ፣ እምነት የታጣበትን ተመራጭ ሕዝብ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ጽፎላችኋል፤ አንብቡት።