ግድግዳው የሚነበብበት ዘመን

በእኔ ልጅነት በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች ቤተ መጻሕፍትም ሆነ የሥዕል ሙዚየም የሚባል ነገር አልነበረም። የሁለቱንም ሥራ ይሠራልን የነበረው ቤተ ክርስቲያኑ ነው።

አሠራሩ ክብ ነው። የውጪው ዙር ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። ቋሚው ጽድ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ሣሩ ወፍራም ስለነበር በሐምሌ ዶፍ እንኳ የቄሱ ንባብ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ዝናቡ ንባቡን ይውጠው ጀመር።

ሥዕሉ የሚገኘው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ሠዓሊው ጭቃው ላይ የጥጥ ጨርቅ ይለጥፍና በዚያ ላይ ይሥላል። በሩን ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይጠብቃሉ። ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ሰይጣንና ሰቃልያን ግን በጎን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዚህ ይለዩ ነበር።

መጻሕፍቱ በማኅደራቸው እንዳሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ኩላብ ላይ ይንጠለጠላሉ። ሰኔ 12 ድርሳነ ሚካኤል ይወጣና የባሕራን ታሪክ ይነበባል፤ ባሕራንን ሊያስገድል የተላከውን ደብዳቤ መልአኩ እንዴት እንደለወጠው። ቄሱ ግእዙን አንብበው በአማርኛ ሲተርኩልን ዓይናችን ግድግዳው ላይ ነበር። ጆሮ የሰማውን ዓይን ያጸናዋል፤ ያ ታሪክ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ለዚህ ነው።

ይህ የአንድ አጥቢያ ወግ አልነበረም። ደብረ ወርቅ ማርያም በሥዕሎቿ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ጉባኤው የታወቁ ናቸው። ሐዲስ አለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ዲማን ዋና የታሪኩ ስፍራ አድርገዋታል። ደብረ ማርቆስ ራሷ መንቆረር መባሏ ቀርቶ የምትጠራው በቤተ ክርስቲያኗ ስም ነው።

ዛሬ ከእነዚያ የጭቃ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ፈርሰው በብሎኬትና በሲሚንቶ ተተክተዋል። ምእመኑ ይህን የሚያደርገው ከፍቅር ነው፤ ከጉሮሮው ነጥቆ ያዋጣል። ነገር ግን ጭቃው ሲፈርስ ጨርቁ አብሮ ይቀደዳል፣ በቦታውም ማተሚያ ቤት ያወጣው ሥዕል ይሰቀላል። ብራናዎቹም ሌባ ተፈርቶ ይቆለፍባቸዋል። በአንድ ጉባኤ ይገናኙ የነበሩት ሥዕልና መጽሐፍ እንዲህ ተለያዩ።

ስለዚህ ለየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አንድ ልመና አለኝ፦ ቦታ ካለ አሮጌው ሳይፈርስ አዲሱ አጠገቡ ይሠራ፤ ማፍረስ የግድ ከሆነም አስቀድሞ እያንዳንዱ ሥዕል ፎቶ ይነሣ፣ የሕንፃው ልክ ይወሰድ፣ ጨርቁንም የሚያነሣው ባለሙያ ይሁን። ለከተሞቻችን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም የምትነድፉ ወጣት መሐንዲሶችም ሩቅ አገር ከመመልከታችሁ በፊት ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ዲማ ውረዱ። አንባቢ ቀና ሲል ሥዕል የሚያይበትን አዳራሽ አባቶቻችን በጭቃና በጽድ ሠርተውታል፤ እናንተ በሲሚንቶ መሥራት አያቅታችሁም።