ከፔዳሉ ሳይጀምሩ ሞተር ማውረድ

ባለታሪካችን በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሚኖሩ ወገኖቻችን አንዱ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረ ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ፊያትና ላንድሮቨር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ነበሩ። በስደት አገር ግን መኪና የሚነኩት ለማቆም ብቻ ሆነ፤ መሀል ከተማ ባለ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ፈረቃ ይሠራሉ። «ስንት መኪና እጄ ላይ ያድራል፤ የአንዱንም ሞተር ግን ከፍቼ አላየሁም» እያሉ ይቀልዳሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ የፓርኪንጉ ደንበኛ፣ ቤታቸው ለስድስት ዓመት ቆማ የነበረች የ1972 ሞዴል ኤምጂቢ በርካሽ ሸጡላቸው። ኤምጂቢ እንግሊዞች ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. አቢንግደን በምትባል ከተማ የሠሯት የስፖርት መኪና ናት። በጠቅላላው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ ብዙዎቹም የተሸጡት እዚሁ አሜሪካ ነው። የዚህችኛዋ ችግር አንድ ነበር፤ ሞተሯ ተነስቶ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ማርሽ አይገባም።

ባለቤታቸው ነገሩን አልወደዱትም። «በዚህ ገንዘብ የሳሎኑ ምንጣፍ በተቀየረ» አሉ። ሰውየው ግን መኪናዋን የገዙት ለራሳቸው ብቻ አልነበረም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ከእሳቸው ጋር የሚያወራው «እሺ»ና «በኋላ» ብቻ ከሆነ ቆይቷል። አብረው ቢሠሩ ምናልባት ይቀራረቡ እንደሆነ አስበው ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁ በደስታ መጣ። አባት ከመኪናዋ ሥር ተኝተው፣ ልጅ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። ጥቂት ከረገጠ በኋላ፣ «አባዬ፣ ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው፤ ምንም ሳይነካ ነው የሚወርደው» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ ርገጥ! እኔ ይህን ሥራ የማውቀው አንተ ሳትወለድ ነው» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። አባትም ፍርዳቸውን ሰጡ፤ መኪናዋ ስድስት ዓመት ስለቆመች ዲስኩ ዝጎ ከቮላኖው ጋር ተጣብቋል። ሐሳቡ ስህተት አልነበረም፤ ብዙ የቆመ መኪና ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። ስህተቱ ሌላውን ሳያዩ መደምደማቸው ነበር። ላንድሮቨር ቢሆን ካምቢዮውን ብቻ አውርደው ባዩት ነበር። ኤምጂቢ ላይ ግን ፍሪሲዮን ለማየት ሞተሩ መውጣት አለበት። ክሬን ተከራዩ፤ ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። በሁለተኛው ቅዳሜ ልጁ «ጓደኞቼ ጋ ነኝ» ብሎ ቀረ።

ሞተሩ ሲወጣ ዲስኩ አልዛገም፣ አላለቀም። የሚገፋው የካርቦን ኩሽኔታም ደህና ነበር። አንዴ ከተከፈተ ብለው ሁሉንም በአዲስ ቀይረው ገጠሙ። ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሪሲዮን ረገጡ፣ የኋላ ማርሽ ሊያስገቡ ሞከሩ። እንደ ድሮው ተፋጨ። ባለቤታቸው ቡና አምጥተው አስቀመጡላቸውና ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በማግስቱ ልጁን ጠሩት። ለአንድ አበሻ አባት ቀላል ያልሆነ ጥያቄም ጠየቁት፤ «ያን ዕለት ስለ ፔዳሉ ያልከኝ ምን ነበር?»

ከዚያ በኋላ ሥራውን መጀመር ከነበረባቸው ቦታ፣ ከፔዳሉ ጀመሩ። የፍሪሲዮን በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንሸራተት ነው፤ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እየሄደ ቤንዚን ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ሁለተኛው አለመላቀቅ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ሁሉ ይገባል፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ይፋጫል። የእነሱ ሁለተኛው ነበር።

በመጀመሪያ የዘይቱን ዕቃ አዩ፤ ሙሉ ነው። ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡ፤ ሲደጋገም ቢሻለው ኖሮ አየር ገብቷል ወይም የላይኛው ፖምፓ ጎማ አልቋል ማለት ነበር፤ ለውጥ የለም። የሚያፈስ ነገርም የለም። ቀጥሎ ልጁ ሲረግጥ አባት ከሥር ሆነው የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ምን ያህል እንደሚሄድ ለኩ። ግማሽ ኢንች ያህል መሄድ ሲገባው ሩብ ኢንች እንኳ በቅጡ አይሞላም። እንግዲህ ጉድለቱ ከዲስኩ ሳይሆን ከዘንጉ በላይ ነው። ይህ ልኬት ሞተር ሳይወጣ፣ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ነበር።

በመጨረሻ ከፔዳሎቹ በላይ ያለውን ክዳን በካቻቪቴ ፈትተው አዩ። ፔዳሉን ከላይኛው ፖምፓ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ፒን ግማሽ ድረስ ተበልቷል፤ የፔዳሉም ቀዳዳ እንቁላል መስሏል። የላይኛው ፖምፓ ትንሽ፣ የታችኛው ትልቅ በመሆኑ እግር ብዙ ሄዶ ከታች የሚገኘው እንቅስቃሴ ጥቂት ነው። ከዚያች ጥቂት ላይ ፒኑ ሲበላ የሚተርፍ ነገር የለም። ማስተካከያ ብሎንም የላትም።

ቀዳዳውን አስበይደው እንደገና አስበሱት፤ አዲሱ ፒን የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው። ማርሹ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። አባት ከመኪናዋ ወርደው ቁልፉን ለልጁ ሰጡትና «ልክ ነበርክ። ያን ጊዜ ልሰማህ ይገባ ነበር» አሉት። ልጁ «እሺ» አለ፤ ያ «እሺ» ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

በዚያ በጋ ልጁ መንዳትም፣ ከጣሊያን ወደ እኛ ጋራዦች የገቡትን ቃላትም ተማረ፤ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ። ዛሬ ከቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እሑድ እሑድ ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ «ፍሪሲዮኑ እንዴት ነው?» ይላል። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ አባትም ልጃቸው ተናግሮ እስኪጨርስ ይሰማሉ።