ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራው አውሮፕላን

በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ከሚሴ የደረስነው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በበጋ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበታል። እኛ የመጣነው ግን ልጆች ከቆርቆሮ የሚሠሯቸውን የጭነት አውሮፕላኖች ፍለጋ ነው። ለዚህም የባቲ የሰኞ ገበያ ይሻላል አሉን። ባቲ የዞኑ ክፍል ብትሆንም ከከሚሴ የሚሄድ ሰው በኮምቦልቻ በኩል ዞሮ ይገባባታል።

ውድ አንባቢያን፣ «የቆርቆሮ መጫወቻ ምን ይሠራላችኋል?» ትሉን ይሆናል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ እንዳበቃ በጃፓን የአሜሪካ ወታደሮች ከጣሉት ባዶ ቆርቆሮ ትንሽ የመጫወቻ ጂፕ ተሠርቶ ነበር። ከዚያም ጃፓን መኪናውንም የጦር አውሮፕላኑንም በቆርቆሮ እየሠራች ለውጭ ሸጠች። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 በተላኩት በብዙዎቹ ላይ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ስላለ ሰብሳቢዎች ዘመኑን በዚያ ይለያሉ። የኛ ልጆች ሥራ ማኅተም የለውም። ዘመኑን የሚናገረው ቆርቆሮው ራሱ ነው።

በገበያው ዳር አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ አውሮፕላኑን በገመድ ሲጎትት አገኘን። ክንፉ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ጎማው የአሮጌ ሸበጥ ቁራጭ፣ ፕሮፔለሮቹ አራት የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው።

«ለምን አራት አደረግህ?» አልነው።

«የአባቴም አራት ነው። የእህል አውሮፕላን አራት ነው ያለው» አለን።

ልጁ አላየውም እንጂ እውነቱን ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስና የሶቪየት አንቶኖቭ 12 የተባሉት የወታደር ማመላለሻዎች እርዳታ ያጓጉዙ ነበር። ሁለቱም ባለ አራት ሞተር ናቸው። የምዕራብ ጀርመኑ ትራንዛል ግን ሁለት ብቻ ነበረው። መኪና በማይደርስበት ደጋ አውሮፕላኖቹ መሬት ሊነኩ እስኪመስሉ ዝቅ ብለው በድርብርብ ጆንያ የታሸገ እህል ይጥሉ ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም በሥራው ተሳትፈዋል። ባቲ ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ ስለሆነች ብዙ ሺህ ሰው የተጠለለባት ትልቅ ጣቢያ ነበረች።

ልጁ ወደ ቤቱ ወሰደን። አባትየው በክብር ተቀብሎን ቡና አስፈላልን። ከቆጡ ላይ ያወረደው አውሮፕላን ዝገት በልቶታል። በግራ ክንፉ ላይ ግን ሁለት የተጨባበጡ እጆች ይታያሉ፤ የአሜሪካ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ምልክት ነው። እኛም ደስ ብሎን ብር አወጣን።

«ወንድሞቼ፣ ይሄን እንኳ አልሸጥም» አለን ዝግ ብሎ። «ለታናሽ ወንድሜ ብዬ የሠራሁት ነው። እሱ ከመጠለያው አልወጣም።»

ብሩን መልሰን ኪሳችን ከተትነው። ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም። በኋላ ፈቃዱን ጠይቀን አውሮፕላኑን ማን፣ መቼ፣ ከምን እንደሠራው በወረቀት ጻፍንለትና ከአውሮፕላኑ ጋር አስቀመጠው። ልጁም ታሪኩን ሙሉ በሙሉ የሰማው ያን ቀን ነበር። «አጎቴ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «አምስት» አለው አባቱ።

ዛሬ ዘይቱ በብዛት የሚመጣው በፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ መጫወቻውም ከሱቅ ይገዛል። ስለዚህ የቆርቆሮው አውሮፕላን እየጠፋ ነው። በቤታችሁ ካለ ለቆርቆሮ ገዢ አትስጡት። ዝገቱን አትፈግፍጉት፤ ቀለምም አትቀቡት፤ የቀድሞው ጽሑፍ ይጠፋልና። ጠርዙ ስለሚቆርጥ ሕፃናት ከማይደርሱበት ደረቅ ቦታ አኑሩት። ከሁሉ በፊት ግን የሠራውን ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁት፤ ልጆቻችሁም አጠገቡ ተቀምጠው ይስሙ።

እኛ ከባቲ የተመለስነው ባዶ እጃችንን ነው። የሄድንበትን ግን አግኝተናል፣ አልሐምዱሊላህ።